ያላየንበት ጨርቅ

ይህች ከተማ የት እንዳለች ብትጠይቁኝ አልናገርም። ፈልጋችሁ ብታገኟት ደግሞ የምትወቅሱት እኔን ነው። ገበያ አላት፣ ወንዝ አላት፣ ዳር ላይ ደግሞ ድሮ ሸክላ ሠሪዎች አፈር ያወጡበት የነበረ ትልቅ ጉድጓድ አላት፤ ይህን ካወቃችሁ ይበቃችኋል። እኔ ይሁኔ እባላለሁ፣ ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ፤ እዚያው ተወልጄ እዚያው አርጅቻለሁ። የምነግራችሁ ግን የጎረቤቴን የሸማኔውን የደርብን ጉድ ነው። እኔ የምገባበት ቦታ ሲደርስ እገባለሁ፤ መግባቴም አያኮራኝም።

ከተማችን ሕግ አክባሪ ናት። ውሻ ማዋጋት እኛ ዘንድ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ክልክል ነው። ሕጉ “ውሻ ያዋጋ ይቀጣል፤ ውሻ ሲዋጋ ያየም እኩል ይቀጣል” ይላል። በመጀመሪያው ግማሽ ማንም ተቀጥቶ አያውቅም፤ ያዋጋው ሰው እንዲቀጣ ያየ ሰው መመስከር አለበት፣ ያየ ሰው ደግሞ እኩል ተቀጪ ነው። ስለዚህ ከተማው ሁለተኛውን ግማሽ አጥብቆ ያዘ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ውሾቹ ወደ ጉድጓዱ ሳይወርዱ በፊት፣ ለሰው ሁሉ በር ላይ ነጭ ጨርቅ ይታደላል። እያንዳንዱ ዓይኑ ላይ ያስራል። ዓይኑ የታሰረ ሰው አላየም። ሲወጣ “አላየሁም” የሚል ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ያትምና ጨርቁን በሩ አጠገብ ከሚነደው እሳት ውስጥ ይጥላል። ጨርቁ የሚቃጠለው ምናልባት ጨርቁ ራሱ አይቶ ከሆነ በሚል ነው። ጥንቃቄ እኛ ዘንድ እስከዚህ ድረስ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስተዳድሩ ሹም አሉ፤ የመጋረጃ ሹም ይባላሉ። በዚህ ጊዜ ሹሙ አቶ ጥላዬ ነበሩ፤ ረጋ ያሉ፣ ጨዋ፣ ሰው ችግሩን ሲነግራቸው ከንፈራቸውን የሚመጥጡ ሰው። ክፉ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ጨርቁን የሚሸምነው ደርብ ነበር። ሥራው ከአያቱ የወረደ ነው። በአያቱ ጊዜ ጨርቁ እንደ ቡሉኮ ወፍራም ነበር አሉ፤ ሰው ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጩኸት ሰምቶ ስለሚመለስ ብዙም የሚመጣ አልነበረም። በአባቱ ጊዜ “ሙቀቱን አልቻልነውም፣ ትንሽ ሳሳ ይበልልን” ተባለና ሳሳ። በደርብ ጊዜማ ምኑን ልንገራችሁ፣ ጨርቁን ዓይናችሁ ላይ አስራችሁ በመርፌ ቀዳዳ ክር ታስገባላችሁ። ደርብ በዚህ ይኮራ ነበር። አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያሳየኝና “እይ እስቲ፣ እጄ ላይ ያለ ይመስላል?” ይለኛል። እኔም አደንቅለታለሁ። ለምን ይህን ያህል መሳሳት እንዳለበት ግን አንዳችንም አንስተን አናውቅም።

እሱ ራሱ ጉድጓዱ ጋ ሄዶ አያውቅም። ቅዳሜ የእረፍቱ ቀን ነው፤ በሩን ዘግቶ ጋደም ይላል። ጩኸቱ ሲመጣ ሚስቱን ይርገዱን “ዛሬ ነፋሱ በዚያ በኩል ነው” ይላታል። እሷም “አዎ፣ በዚያ በኩል ነው” ትለዋለች። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ተባብለው ኖሩ።

ልጅ አልወለዱም። የነበራቸው ቦራ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ውሻ። ውሻ እንበለው እንጂ ድፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። የይርገዱ ዶሮ መጥታ ምግቡን ስትለቅምበት ራቅ ብሎ ይተኛና ጭራውን እያወዛወዘ እስክትጨርስ ይጠብቃል። ቀኑን የሚያሳልፈው ከደርብ መሸመኛ ሥር ነው። ሸማኔ ሲቀመጥ እግሩን የሚያወርድበት ጉድጓድ አለ አይደል፤ ቦራ እዚያ ውስጥ ገብቶ አገጩን በደርብ እግር ላይ ያስደግፋል። ደርብ ሲረግጥ ራሱን ቀና ያደርጋል፣ ሲለቅ መልሶ ያስተኛል። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዋሉ። እኔም አልፎ አልፎ አጥንት እወረውርለታለሁ፤ ሲያየኝ ከጭራው ጋር ወገቡ ሁሉ ይወዛወዛል።

ሹሙ ከጨርቁ ሌላ አንድ ትእዛዝ ነበራቸው። ሁለት ጣት ስፋት ያለው፣ ክንድ ተኩል የሚረዝም፣ የማይበጠስ ጥብጣብ። ደርብ አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ጠይቆ “ለማሰሪያ” ተብሎ ነበር። የ“አላየሁም” ወረቀቶች ተጠቅልለው የሚታሰሩበት መሰለው። ወረቀቱ መጋዘን ሙሉ ስለሆነ ማሰሪያው ቢበዛ አልገረመውም። እንዲያውም ድሩን ሦስት እጥፍ አድርጎ ይሠራውና “ሁለት በሬ በሁለት በኩል ቢጎትተው አይበጠስም” እያለ ይመጻደቅብኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ደርብ ሥራ ሊጀምር እግሩን ወደ ጉድጓዱ ቢያወርድ ባዶ ሆነበት። “ቦራ” ብሎ ተጣራ። ጓሮ ወጣ፣ ወንዝ ወረደ፣ ገበያውን ዞረው። ያገኘውን ሁሉ “ቦራን አይተሃል? አይተሻል?” ይላል። ከተማችን ውስጥ ሰውን አይተሃል ብሎ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ላይገባችሁ ይችላል። እኛ መልሱን ከልጅነታችን ለምደነዋል፤ ጥያቄው ሳያልቅ አፋችን ይቀድመናል። ሥጋ ሻጩ አላየሁም አለው። ውሃ ቀጂዋ አላየሁም አለችው። በመጨረሻ ደጃፌ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

“ይሁኔ፣ ቦራን አላየህልኝም?”

“አላየሁም” አልኩት።

አይቼው ነበር። ጠዋት የጃንጥላ ሽቦ እያቃናሁ ቀና ስል ሁለት ሰዎች አንገቱ ላይ ገመድ አስረው ሲወስዱት አይቻለሁ። ቦራም ጭራውን እያወዛወዘ ነበር የሚከተላቸው፤ እሱ ማንንም ይከተላል። ሰዎቹ የማን ሰዎች እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ወዴት እንደሚሄዱም አውቃለሁ። መግባቴ አያኮራኝም ያልኳችሁ ይህን ነው።

ደርብ ከእኔ ተነሥቶ ሹሙ ዘንድ ሄደ።

“ጌታዬ፣ ውሻዬ ጠፋብኝ” አላቸው።

አቶ ጥላዬ ከንፈራቸውን መጠጡ። “አይ ደርብ፣ አሳዘንከኝ። ደንቡን ግን ታውቀዋለህ፤ የጠፋ ውሻ የሚፈለገው ሲጠፋ ያዩ ሦስት ሰዎች ሲቀርቡ ነው።”

“ሲጠፋ ያየ ሰው ካለማ የት እንደገባ ይነግረኝ ነበር እኮ።”

“እሱስ እውነትህን ነው፤ ደንቡ ትንሽ ያስቸግራል” አሉ ሹሙ። “ቢሆንም እንዳንተ ያለ ሰው አላስቀይምም። ቅዳሜ ከተማው ሁሉ በሩ ላይ ስለሆነ አዋጅ ነጋሪው የውሻህን ስም እንዲጠራልህ አደርጋለሁ። እስከዚያ የዚህ ሳምንቱን ጥብጣብ እንዳትረሳብኝ። ያለፈው ሳምንቱ ላላ ብሎ ነበር አሉ፤ አሁን ጠንከር አድርገው።”

ደርብ እጅ ነሥቶ ወጣ። ያን ቀን ከሰዓትና ዓርብ ጠዋት ጥብጣቡን ሲሠራ ዋለ። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻውን ነበር፤ በየመሐሉ ሥራውን እያቆመ ወደ በሩ ያያል። ሹሙ ያን ያህል ስላሰቡለት አመስግኖ አይጠግብም፤ ከምስጋናው ብዛት ድሩን አራት እጥፍ አደረገው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእጁ ወስዶ አስረከበ።

ቅዳሜ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። “አብሬህ ልሂድ” አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። አዋጅ ነጋሪው እንደተባለው በሩ ላይ ቆሞ “ቦራ የሚባል፣ ግንባሩ ነጭ የሆነ ውሻ ያያችሁ” ብሎ ተጣራ። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ድምፅ “አላየንም” አለ። አቶ ጥላዬም ደርብን ትከሻውን መታ መታ አድርገው “ቃሌን ጠብቄያለሁ” አሉትና የራሱን የእጅ ሥራ፣ ነጩን ጨርቅ፣ ሰጡት።

ገብተን ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀመጥን። ደርብ ጨርቁን አሰረ። አንድ ጊዜ ከፍ አደረገው፣ መልሶ አወረደው፣ እንደገና ከፍ አደረገው።

“ይሁኔ፣ ይታያል እኮ።”

“ቀስ በል” አልኩት።

“ሁሉ ነገር ይታያል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለችው ጠጠር ሳትቀር ትታያለች።”

“ታዲያ ምን መስሎህ ነበር?”

ዙሪያችን ሦስት መቶ ሰው ነጭ ጨርቁን አስሮ ወሬውን ይዟል። ጉድጓዱ ውስጥ ነጎድ የሚባለው፣ ዓመቱን ሙሉ ያልተሸነፈው ትልቁ ውሻ፣ በሰንሰለት ቆሟል። አንዱ “አላየሁም እንጂ ነጎድ ዘንድሮ ከስቷል” ይላል። ሌላው “አላየሁም እንጂ የግራ ጆሮው ሙሉ በሙሉ ሄዷል” ብሎ ይመልስለታል። ከኋላችን ያለችው ሴትዮ “እኔ እንኳን አላየሁም፤ ያ ሁሉ ጠባሳ ግን ባለፈው አልነበረም” ትላለች። ከተማችን ውስጥ ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚነጋገረው።

ደንቡ ይህ ነው፦ ነጎድ ከዋናው ተጋጣሚው ጋር ሳይገናኝ በፊት ደሙን ለማሞቅ አንድ የዋህ ውሻ ይጣልለታል። ማሟሻ ይሉታል። ማሟሻው ነክሶ ነጎድን እንዳያቆስልባቸው አፉ ይታሰራል። ይህን ለደርብ ልነግረው አስቤ ነበር። እንዴት ብዬ እንደምጀምረው ስፈልግ ግን ማሟሻውን ይዘው ገቡ።

ደርብ መጀመሪያ ያየው ውሻውን አልነበረም፤ ጥብጣቡን ነው። ሸማኔ የእጁን ሥራ የትም ያውቀዋል። አፍ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ከጆሮ ኋላ የተቋጠረ፣ ሁለት ጣት ስፋት ያለው፣ ባለ አራት እጥፍ ድር ጥብጣብ። ቀጥሎ ግንባሩ ላይ ያለውን ነጭ አየ። ክው ብሎ ቀረ።

ቦራ ደግሞ ሰው ሲበዛ ደስ ይለዋል። ከነጎድ ፊት ለፊት አቆሙት። ለዶሮዋ እንደሚያደርገው ዝቅ ብሎ ተኛ፣ ጭራውን አወዛወዘ፣ የነጎድን ተራ መጠበቅ ጀመረ። ሰው ሳቀ። ነጎድን ለቀቁት።

የሆነውን ዘርዝሬ አልነግራችሁም። አንደበቴ አይታዘዝልኝም። አፉ የታሰረ ውሻ እንኳን ሊነክስ መጮህም አይችልም፤ ይህን ብቻ ልበላችሁ።

ደርብ ጨርቁን ከዓይኑ ላይ ቀዶ ጣለና ወደ ታች ተንሸራተተ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ነጎድን በጡጫ መታው፣ ሲያቅተው ቦራ ላይ ተኛበት። ነጎድም ክንዱን ያዘ። ደርብ በሌላው እጁ የጥብጣቡን ቋጠሮ ይታገላል፤ ቢያንስ አፉን ሊፈታለት ነው። ቋጠሮው አልላላም። በጥርሱ ነከሰው፣ ጎተተው። አንዲት ክር እንኳን አልተነቀነቀችም። እሱ ነው እኮ አጥብቆ የሠራው።

ከላይ አንድ ሰው “አላየሁም እንጂ ሰውየው እየደማ ነው” አለ። ሌላው “አላየሁም እንጂ አንድ ሰው ቢወርድለት ጥሩ ነበር” አለ። ብዙዎች በዚህ ተስማሙ። ለመውረድ ግን ማየት ያስፈልጋል። እኔም ከወገቤ ብድግ አልኩ። ከተነሣሁ ማየቴ ሊታወቅ ነው። መልሼ ተቀመጥኩ። ከቅርብ ጎረቤቴ አሥር እርምጃ ርቄ፣ ዓይኔ ሁሉን እያየ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ነጎድን በሰንሰለት ጎትተው ያወጡት ዋናው ግጥሚያ ስለዘገየ ነው። ቦራ ያኔ ገና ትንሽ ይተነፍስ ነበር። ተንፏቀቀና አገጩን በደርብ እግር ላይ አስደገፈ። እዚያው ሞተ።

ሰኞ ደርብ ሹሙ ፊት ቀረበ። ክሱ ጨርቁን አውልቋል የሚል ነው፤ ያወለቀ ደግሞ አይቷል። ክንዱ በነጠላ ተጠቅልሎ ደም አዝሏል። አዳራሹ በሰው ሞልቷል።

“ሲያወልቅ ያየ ምስክር ይቅረብ” አሉ አቶ ጥላዬ።

ማንም አልቀረበም። ሲያወልቅ ያየው ሰው ራሱ ዓይኑ ታስሮ ነበራ። ሹሙ ዙሪያውን ቃኙና “እኔም አላየሁም” አሉ።

“ምስክር አያስፈልግም ጌታዬ” አለ ደርብ። “እኔው አውልቄያለሁ። አይቻለሁ። ቅጡኝና ይጻፉት።”

“አይ፣ አይ፤ ተረጋጋ እንጂ። አየሁ ካልክ የሚታይ ነገር ነበር ልንል ነው።”

“ነበር። ቦራ ነበር።”

“ከአንተ ሌላ ያየው አለ?”

ደርብ ወደ እኛ ዞረ። “አንድ ሰው” አለ፣ “አንድ ሰው ብቻ ቦራ እዚያ ነበር ይበልልኝ። ካሣ አልፈልግም፣ ማንም እንዲታሰር አልፈልግም። ነበር ይበልልኝ።” ዓይኑ በየፊቱ እየዞረ መጥቶ እኔ ላይ ቆመ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ። አፍንጫው ላይ ተቀዶ ነበር፤ መጠገን እንዳለበት አሰብኩ።

ሹሙ “ክንዱን እሾህ ወግቶታል” ብለው አጻፉና በነፃ አሰናበቱት። ሰው ሁሉ እየጨበጠ “እንኳን ደስ ያለህ” አለው።

ረቡዕ አቶ ጥላዬ ለቅዳሜ የሚሆነውን ጨርቅ ሊጠይቁ ወደ ደርብ ቤት መጡ። እኔም አጥሩ ጋ ነበርኩ። ደርብ መሸመኛውን አሳያቸው። እግሩን የሚያወርድበት ጉድጓድ በአፈር ተሞልቶ ተደልድሏል።

“የት ቁጭ ብለህ ልትሸምን ነው?” አሉት።

“ቦታ የለኝም ጌታዬ፤ ቦራ ተኝቶበታል።”

“ሌላ እናስቆፍርልህ።”

“የእኔ ይኸው ነው።”

ሹሙ ከንፈራቸውን መጠጡ። “ደርብ፣ ከተማው ዳር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ውሻ ሞተ የሚል መዝገብ የለም። ታዲያ ምን ቀበርክ?”

“ቆፍረው ይዩት” አላቸው።

አቶ ጥላዬ አፈሩን ትንሽ ተመለከቱና ዓይናቸውን ሰበር አድርገው ወጡ።

በሦስት ቀን ሦስት መቶ ጨርቅ የሚያደርስ ሌላ ሸማኔ አልነበረም። ቅዳሜ ሕዝቡ በሩ ላይ ባዶ ዓይኑን ተሰበሰበ። አቶ ጥላዬ ትንሽ አስበው መላ አገኙ፤ ለዛሬ ብቻ ሰው ሁሉ በሁለት መዳፉ ዓይኑን ይሸፍን አሉ። ገባን፤ እኔም ገባሁ። ምን ዓይነት ሰው ነህ አትበሉኝ፤ ቅዳሜ ነው፣ እግሬ ለምዶታል። መዳፋችንን ዓይናችን ላይ አደረግን። መዳፍ እንደ ደርብ ጨርቅ አይሳሳም። ጣቱን የከፈተ ደግሞ ጎረቤቱ ያውቅበታል። ስለዚህ ጨለመብን።

ማሟሻውን አስገቡ። ነጎድን ለቀቁት።

ዕድሜዬን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የሄድኩ ሰው ያንን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዓይን ሲያይ ጆሮ ይዘናጋል መሰለኝ። የታሰረ አፍ ይጮሃል ለካ፤ በአፍንጫ ነው የሚጮኸው፤ በር ተዘግቶበት እንደሚያለቅስ ሰው ቀጭን ነው። አንዴ ይነሣል፣ ይቋረጣል፣ ደግሞ ይነሣል። “አላየሁም እንጂ” የሚል አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ይሰማል። ረጅም ጊዜ ፈጀ።

እጄን አወረድኩ። ጉድጓዱን አየሁ፤ ከዚያም ዙሪያዬን አየሁ። ከሦስት መቶ ጥንድ መዳፍ መሐል ስንቱ ጣት ተከፍቶ ዓይን ያበራ ነበር መሰላችሁ። ተነሥቼ እየገፋሁ ወጣሁ።

አቶ ጥላዬ በሩ ላይ ወረቀቱን ዘርግተው ቆመዋል።

“አይቻለሁ” አልኳቸው።

“ምን አልክ ይሁኔ?”

“አይቻለሁ። ዛሬም አይቻለሁ፣ ባለፈው ቅዳሜም አይቻለሁ። ቦራ ነበር። ጭራውን እያወዛወዘ ነበር።”

ሹሙ ግንባሬን በእጃቸው ዳሰሱ። “ሙቀቱ ነው” አሉ በርኅራኄ፤ “ጨርቅ በሌለበት ጸሐይ ራስ ይመታል።” ከዚያ ራሳቸው አውራ ጣቴን ያዙ፣ ቀለም አስነኩት፣ “አላየሁም” የሚለው ላይ ቀስ አድርገው ጫኑት።

ደርብ ቤት ስደርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይርገዱ ክንዱን ታጥብለታለች። በጣቴ ላይ ያለውን ቀለም ደበቅሁ።

“ደርብ፣ ያን ቀን ቦራን አይቼዋለሁ” አልኩት።

“አውቃለሁ” አለኝ፤ ቀና አላለም። “ጨርቁን የሸመንኩት እኔ ነኝ እኮ። ምን ያህል እንደሚያሳይ አውቃለሁ።”

ይርገዱ የውሃውን ጣሳ አስቀምጣ ለእኔ በርጩማ አመጣችልኝ። ተቀመጥኩ። ቦራን ሲወስዱት ባየሁባት ሐሙስ ጠዋት፣ ደጃፌ ላይ ሽቦ ሳቃና፣ ዓይኔ ላይ ምንም ጨርቅ አልነበረም። ያንን ግን እስከዛሬ አልነገርኩትም።